ባሕር የጣላቸው ሰዎች ደሴት፦ ወደ ማልታ ለሚጓዙ የማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ይሰማል፤ ጥሩ።

ኮሚቴው ያዘዘኝ ቀላል ነገር ነው። በጥቅምት ማልታ ስንሄድ ምን እንደምናይ አስቀድመህ ንገራቸው ተባልኩ። ለምን እኔ? እዚያ ስለኖርኩ ነው። የኖርኩት በአስጎብኚነት እንዳይመስላችሁ እንጂ፤ እሱን ቦታው ሲደርስ አነሣዋለሁ። ነገሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ ዋና ከተማዋ ቫሌታ ከነወደቧ፣ ሁለተኛ አሮጌዎቹ ከተሞች ኢምዲናና ራባት፣ ሦስተኛ ከሁሉም የቀደመው፣ ከፒራሚድ የሚያረጀው ነገር። ጎዞ የምትባለው ታናሽ ደሴት መሐል ላይ ትገባለች። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቡናው እየፈላ ስለሆነ አላስረዝምም። እንዲህ ብሎ ያላስረዘመ ተናጋሪ አይቼ ባላውቅም ልሞክር።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። የማልታን ስም ከቪዛና ከጀልባ ወሬ በፊት የሰማ እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት... ጥቂት ናችሁ። እኔ ግን ሁላችሁም ሰምታችኋል እላለሁ! የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ሲነበብ የሰማ ሁሉ ሰምቷል። እዚያ ላይ «መላጥያ» ትባላለች። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ ተሰበረ። 276 ነፍስ ነበረበት። ዋና የሚችለው እየዋኘ፣ የማይችለው ሳንቃ ይዞ፣ ሌላው በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ተንጠልጥሎ ምድር ነካ። የደሴቲቱ ሰዎች ምን አደረጉ? ወረቀት አሳዩን አሉ? አላሉም። ዝናብና ብርድ ነበርና እሳት አነደዱላቸው። እፉኝቷ የጳውሎስን እጅ የያዘችው በዚያ እሳት ዳር ነው። የደሴቲቱ አለቃ ፑፕልዮስም በቤቱ አስተናገዳቸው፤ ሦስት ወር ቆይተው ሄዱ። ማልታዎች የዚያን መርከብ መሰበር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 10 ያከብራሉ፤ ሥራ ዝግ ነው፣ ሐውልቱን ተሸክመው ቫሌታን ይዞራሉ።

ይህን ታሪክ ያዙልኝ። እኔ ዛሬ የምለው በአጭሩ ይኸው ነውና፤ በዚያች ደሴት ላይ የምታዩት ትልቅ ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል ባሕር የጣላቸው ሰዎች ሥራ ነው። መርከቡ የተሰበረበት፣ ከአገሩ የተባረረ፣ ነፍስ አጥፍቶ የሸሸ፣ በሰንሰለት የመጣ። ፀሐይና ባሕር ብቻ ፈልገን የምንሄድ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ገንዘባችንን በከንቱ አወጣን።

እሺ፣ አንደኛ። ቫሌታ።

አውቶቡሱ ከከተማዋ በር ፊት ለፊት ያወርዳችኋል። በእግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ትንሽ ሆና መላዋ ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናት፤ ከ1980 ጀምሮ። ማን ሠራት? የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት፣ ግማሽ መነኩሴ ግማሽ ወታደር የነበሩ የአውሮፓ መኳንንት ልጆች ናቸው። ሮድስ ደሴት ላይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ገዝተው በ1522 የኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን አስወጣቸው። ሰባት ዓመት ያህል ማረፊያ አጥተው ተንከራተቱ። በ1530 ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ ማልታን ሰጣቸው። ኪራዩ ስንት መሰላችሁ? በዓመት አንድ ጭልፊት! አንድ የአደን ወፍ! ያም ሆኖ አልፈለጓትም። አስቀድመው የላኳቸው ሰዎች አይተዋት ውኃ የሚያጥራት፣ እንጨት የሌላት ዓለት ናት ብለው ነበር። የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ገቡ።

በ1565 ሱሌይማን ከሮድስ ያባረራቸውን ከማልታም ሊነቅል ከ30,000 በላይ ጦር ሰደደ። ፈረሰኞቹ 500 ቢሆኑ ነው፤ የቀረው ተዋጊ በብዛት የደሴቲቱ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነበር። በወደቡ አፍ ላይ ያለችው የቅዱስ ኤልሞ ምሽግ ብቻዋን አንድ ወር ያህል ተቋቋመች። ሁሉም እዚያው አለቁ ማለት ይቻላል። ያ አንድ ወር ግን ሌላውን አዳነ። ሴፕቴምበር 8 ከበባው ተነሣ። በዓመቱ፣ በ1566፣ የፈረሰኞቹ አለቃ ዣን ደ ላ ቫሌት የአዲሱን ከተማ የመሠረት ድንጋይ አኖረ፤ ከተማዋም በስሙ ተጠራች። ተሠርታ ሳያያት በ1568 አረፈ።

አሁን ድንጋዩን እዩልኝ። እባካችሁ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ድንጋዩን በእጃችሁ ዳስሱት። ግንቡ፣ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ደረጃው በብዛት ከአንድ ዓይነት ቢጫ የኖራ ድንጋይ ነው። «ፍራንካ» ይሉታል። ከካባው አዲስ ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ በመጋዝ ይቆረጣል። ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ቆዳ ያበጃል፣ ይጠነክራል። ያ ቆዳ ከተላጠ የባሕሩ ጨው ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፤ ምስጥ የፈጨው እንጨት ይመስላል። ለዚህ ነው ውኃ በሚነካው ቦታ «ዞንኦር» የሚባለውን ጠንካራውን ድንጋይ የሚያኖሩት።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ማርሳ የሚባል ሰፈር አለ፣ ከቫሌታ ሥር። አደባባዩ ላይ ገና ሳይነጋ ተሰልፈን እንቆማለን፤ ሱዳኑ፣ ሶማሌው፣ ጋናዊው፣ የእኛ ልጅ። መኪና ይመጣና በመስኮት «ሁለት ሰው!» ይላል። የቀን ሥራ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ የሚከፍልም አለ፣ ነገ ና ብሎ የሚጠፋም አለ። አንድ ጊዜ የምሽግ ግንብ እድሳት ላይ ወሰዱኝ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አቧራው ከቅንድቡ ላይ አይለቅም። ድንጋይ ከመረከቡ በፊት በመዶሻው ጫፍ ቀስ ብሎ ይመታና ጆሮውን ያስጠጋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ያስገባዋል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ «አንሣው» ይለኛል። ሲሚንቶ ደግሞ ጠላቱ ነው። ከግንቡ ላይ አሮጌ የሲሚንቶ ልጥፍ በመሮ ስናወልቅ ከሥሩ ያለው ድንጋይ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ይዞት ጨዉ ሁሉ ወደ ድንጋዩ ዞሯል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል። ሽማግሌው ይህን የነገረኝ በማልታ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋቸው እንደ እኛው ሴማዊ ስለሆነ ቁጥሩንና የሰውነት ክፍሎችን ቶሎ ለመድሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል። በ1570ዎቹ የተሠራ ነው፤ መሐንዲሱ ማልታዊው ጂሮላሞ ካሳር። ከውጭ ስታዩት ምሽግ ነው፣ ምንም ጌጥ የለውም። ትገቡና ግድግዳው በሙሉ የተቀረጸ፣ በወርቅ የተለበጠ ነው። ወለሉ 400 ያህል የፈረሰኞች መቃብር ነው፤ በቀለማት ያሸበረቀ እብነ በረድ፣ ዐፅም የተሣለበት፣ ማጭድ የያዘ ሞት የተሣለበት። እህቶቼ፣ ቀጭን ሂል ያለው ጫማ አያስገቡም፤ ወለሉን ይበሳዋል። ትከሻም ይሸፈናል። ነጠላ ያዙ፤ በር ላይ ከሚሰጡት ጨርቅ የእናንተው ይሻላል።

ከዋናው አዳራሽ ጎን ባለው ክፍል ውስጥ የካራቫጆ ሥዕል አለ፤ የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ። አዲስ ዓመታችንን በስሙ የምንጠራው ዮሐንስ! ወርዱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ከፊቱ ቁጭ በሉ። አትቸኩሉ። ዮሐንስ መሬት ላይ ተደፍቷል፤ ሰይፉ ሥራውን አልጨረሰም፤ ገዳዩ የቀረውን ለመጨረስ ከወገቡ ኋላ ቢላዋ እየመዘዘ ነው። ወጣቷ ገረድ የወርቁን ሳህን ዝቅ አድርጋ ይዛለች። አሮጊቷ ብቻ ናት ራሷን በሁለት እጇ የያዘችው። በቀኝ በኩል ሁለት እስረኞች በፍርግርግ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ከዮሐንስ አንገት የፈሰሰውን ደም ተከተሉት፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈው በዚያ ደም ነው። ፊርማውን ያኖረበት ብቸኛ ሥዕሉ ይህ ነው።

ይህ ሰው ማን ነበር? በ1606 ሮም ውስጥ ሰው ገድሎ የሸሸ ወንጀለኛ ነው። ማልታ ተቀበለችው፣ በ1608 ፈረሰኛ አድርገው ሾሙት። ወራት ሳይቆይ ሌላ ጠብ ውስጥ ገባ፤ ከወደቡ ማዶ ባለው የቅዱስ አንጀሎ ምሽግ አሰሩት፤ አምልጦ ወደ ሲሲሊ ሄደ። ፈረሰኞቹ ተሰብስበው ማዕረጉን የገፈፉት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ይኸው ሥዕሉ ፊት!

አንድ ነገር ደግሞ አስጎብኚዎቹ በለሆሳስ ያልፉታል፤ እኔ አላልፈውም። እነዚህ ፈረሰኞች ቅዱሳን አልነበሩም። መርከቦቻቸው የሙስሊም መርከብ እየዘረፉ ሰው ይማርኩ ነበር። ቫሌታ ትልቅ የባሪያ ገበያና የባሪያ እስር ቤት ነበራት። ጀልባውን የቀዘፈው፣ ግንቡንም ተሸክሞ ያቆመው ያ ሰው ነው። ይህ የቀረው ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ሲሄድ ደሴቲቱን ይዞ ባርነትን ሲሽር ነው። እንግሊዞች በ1800 ገብተው እስከ 1964 ገዙ።

ላይኛው ባራካ የሚባለው መናፈሻ ላይ ቀን በእኛ ስድስት ሰዓት ድረሱ፤ መድፍ ይተኮሳል። ልጅ ያላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዚያ በሊፍት ወደ ውኃው ወርዳችሁ በትንሿ ጀልባ ወደ ቢርጉ ተሻገሩ። ቫሌታ ሳትኖር ፈረሰኞቹ የኖሩት ቢርጉ ነው፤ በ1565 የተዋጉትም ከዚያ ሆነው ነው። ጠባብ ጎዳና፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በር ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች። ቱሪስቱ አነስ ይላል።

ሁለተኛ፤ ኢምዲና። ቫሌታ ሳትሠራ ዋና ከተማዋ እሷ ነበረች። ኮረብታ ላይ በቅጥር ተከባ የተቀመጠች ናት፤ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖረው ሰው 300 አይሞላም፤ የነዋሪ ካልሆነ መኪና አይገባም። መንገዶቿ ሆን ተብለው ጠማማ ናቸው፤ ነፋስም ቀስትም ቀጥ ብሎ እንዳይመጣ ነው ይላሉ። ካቴድራሉ በ1693 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ቦታው ፑፕልዮስ ጳውሎስን የተቀበለበት ቤት ነው ብለው ያምናሉ። ቆንጆ ናት፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከግማሽ ቀን በላይ አትስጧት። ቀን ላይ አስጎብኚ ባንዲራ ይዞ ሰው ይነዳል፤ ሲመሽ ሂዱ።

ከቅጥሩ ውጭ ያለችውን ራባትን ግን እንዳትዘሏት። ጳውሎስ ተቀምጦባታል የሚሏት ዋሻ አለች፤ ዝቅ ብላችሁ ትገባላችሁ፣ ባዶ ዓለት ነው፣ የአንድ ሰው ሐውልት አለ፣ በቃ። ወጣ ብሎ የጳውሎስ ካታኮምብ የሚባለው የመሬት ውስጥ መቃብር አለ፤ በሮማውያን ዘመን የተፈለፈለ። ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም፣ አረማዊውም ጎን ለጎን ተቀብሯል። ኩራዝ የሚቀመጥባት ትንሽ ጉድጓድ ግድግዳው ላይ አለች። እዚያ ውስጥ ከዓለቱ ሳይነጠል የተጠረበ ክብ ገበታ ታያላችሁ፤ ዙሪያው ጋደም የሚሉበት ተዳፋት መደብ አለው። ምንድን ነው? ቤተሰቡ የሟቹን መታሰቢያ ምግብ ይበላበት የነበረ ነው። ተዝካር ነው እንግዲህ! ፈረንጅ ይህን ለመረዳት ሰሌዳ ያነባል፤ እናንተ ስታዩት ታውቁታላችሁ።

ስለ ምግብ ካነሣሁ አይቀር፣ ራባት ውስጥ ፓስቲዚ ብሉ፤ ትኩስ፣ ርካሽ፣ በአይብ ወይም በአተር የተሞላ ነው። ጿሚዎች አተሩን አይታችሁ አትቸኩሉ፤ ሊጡ ብዙ ጊዜ በስብ ነው የሚለወሰው፣ ያውም በአሳማ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ።

ሞስታን በመንገዳችሁ እዩ፤ ትልቅ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1942 የጀርመን ቦምብ ጉልላቱን በስቶ ምእመናን መሐል ወደቀ፤ ሳይፈነዳ ቀረ። የቦምቡ አምሳያ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ጎዞ። ፌሪው 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የባሕሩን የድንጋይ መስኮት በፎቶ አይታችሁ ከሆነ ቁርጡን ልንገራችሁ፤ በ2017 ማርች ላይ ማዕበል ጥሎታል። እናንተ ወደ ሲታዴላ ውጡ፤ ከዋናዋ ከተማ በላይ ያለው ምሽግ ነው። ከቅጥሩ ላይ ደሴቲቱ ዙሪያዋን ትታያለች። በ1551 የኦቶማን መርከቦች ድራጉት ከሚባለው የባሕር ወንበዴ ጋር መጡ። የጎዞ ሕዝብ ሁሉ እዚህ ምሽግ ውስጥ ገባ። ምሽጉ ደካማ ነበር፤ ጥቂት ቀን አልቆየም። 5,000 ያህል ሰው፣ ሽማግሌና በገመድ ወርዶ ካመለጠው ጥቂት በቀር መላው የደሴቲቱ ሰው፣ ለባርነት ተጫነ። ወዴት? ወደ ሊቢያ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የሊቢያን ባሕር ያለፋችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። ለእናንተ ዝርዝር አልነግርም። እኔም ማልታ የገባሁት በአውሮፕላን አይደለም። የባሕር ጠባቂ መርከብ ሲያመጣን መጀመሪያ ያየሁት እነዚያን የወደቡን ቢጫ ግንቦች ነው፤ አጠገቤ የነበረው ልጅ «እስር ቤት ነው» አለ። ለጊዜው ተሳስቶም አልነበረም፤ ካምፕ ውስጥ ወራት ተቀምጠናል። ስድብም ሰምቻለሁ፤ ስሜን ሳትጠይቅ ትኩስ ሾርባ በሳህን ያቀበለችኝ ጎረቤትም ነበረች። ሁለቱም ማልታ ነው። አንዱን ትቼ አንዱን ብነግራችሁ ዋሸሁ ማለት ነው። ሲታዴላ ላይ ቆሜ ያንን የ1551 ታሪክ በሰማሁበት ቀን ግን፣ የእነሱ ሰው በዚያው ውኃ ላይ በተቃራኒው ተጭኖ መሄዱን ሳውቅ፣ ደሴቲቱን የማይበት ዓይን ተለወጠ። የምትሄዱት ይህን አውቃችሁ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው። ጎዞ ላይ ጅጋንቲያ፣ ትልቋ ደሴት ላይ ሐጃር ኢምና ምናይድራ የሚባሉ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች አሉ። ጅጋንቲያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3600 ጀምሮ የተሠራ ነው። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ ሳይታሰብ አንድ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ! ብረት የለም፣ መንኮራኩርም አይታወቅም፤ ድንጋዮቹ ግን አንዳንዶቹ ከ5 ሜትር ይረዝማሉ። ሠሪዎቹ ቅድመ አያቶቻቸው ከሲሲሊ በጀልባ የተሻገሩ ገበሬዎች ነበሩ። እነሱም ከባሕር የመጡ ናቸው! የጎዞ ሰው ግን ባቄላ እየበላች፣ ልጇን ታቅፋ ድንጋዩን የተሸከመች ግዙፍ ሴት ሠራችው ይላል። ምናይድራ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ በዋናው በር ቀጥ ብሎ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፓውላ ከተማ ውስጥ፣ ከተራ ቤቶች ሥር ነው። በ1902 ቤት ለመሥራት ሲቆፍሩ ሠራተኞች የዓለት ጣሪያ በሱ። ሐል ሳፍሊየኒ ሃይፖጂየም ይባላል፤ ሦስት ፎቅ ወደ ታች የተፈለፈለ መቃብር ነው፤ በድንጋይና በቀንድ የተፈለፈለ። ጣሪያው ላይ በቀይ አፈር የተሣለ ሐረግ አለ። ወደ 7,000 ሰው ተቀብሮበት እንደነበር ይገመታል። የሰው ትንፋሽ ሥዕሉን ስለሚጎዳ በቀን የሚያስገቡት 80 ሰው ብቻ ነው። ካሜራ አይገባም፤ ትንንሽ ልጆችም አይገቡም። ቲኬቱ ከወራት በፊት ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ፣ እደግመዋለሁ፣ ዛሬ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ነገ ብትሉ የለም!

ከዚያ ስትወጡ አውቶቡሱ ይጠብቃል፤ ወደ ሆቴል ግን አንሄድም። እዚያው ፓውላ ውስጥ አዶሎራታ የሚባል ትልቅ መካነ መቃብር አለ፤ ኮረብታ ላይ ደረጃ በደረጃ የተሠራ፣ በ1869 የተከፈተ፣ ሹል ጫፍ ያለው ጸሎት ቤት ያለው። በየትኛውም የጉብኝት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ኮሚቴውን ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በ2015 ኤፕሪል ላይ ከሊቢያ የተነሣ መርከብ ተገልብጦ ከ800 በላይ ሰው አለቀ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከባሕር ከወጡት 24ቱን አስከሬን ወደ ማልታ አመጡ፤ ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩት አዶሎራታ ነው። ከእኛ ጋር የሚጓዙት አባት ጸሎተ ፍትሐት ያደርሱላቸዋል። ሻማና ጧፍ ከዚህ ይዘን እንሄዳለን፤ የማኅበሩ ሴቶች ተረክበውታል። መምጣት የማይፈልግ ካለ አውቶቡስ ውስጥ መቆየት ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም።

ጨርሻለሁ። የስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ነው። አሁን ጥያቄ ካለ... እማማ፣ እርስዎ ቀድመው እጅ አንሥተዋል፤ ይቀጥሉ።